ቤንዚኑ ከምድር ቤት ይውጣ፤ ልጆቹ ግን ይቆዩ



በሚቀጥለው የነዋሪዎች ስብሰባ ለውይይት ከተያዙት ጉዳዮች አንዱ፣ በምድር ቤቱ የጋራ ሥራ ክፍል ውስጥ ልጆቻችን እየሠሩት ያለው ትልቅ ሞዴል አይሮፕላን መሆኑን በልብስ ማጠቢያው ክፍል በር ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ አንብባችኋል። ማስታወቂያው «ሥራው ይቀጥል ወይስ ይከልከል?» ብሎ ይጠይቃል። በበኩሌ ጥያቄው ገና ከአቀራረቡ ልክ አይደለም ባይ ነኝ። ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን በአንድ ከረጢት ከቶ ነው የሚጠይቀን። አንደኛው ልጆች ተሰብስበው ጣውላ መቁረጣቸውና ሙጫ መቀባታቸው ነው፤ ሌላው ደግሞ ቤንዚን ከሰው መኖሪያ በታች መቀመጡ ነው። ለመጀመሪያው በስብሰባው ላይ እጄን ለድጋፍ አወጣለሁ። ሁለተኛውን ግን ስብሰባውም ሳይጠበቅ ዛሬውኑ ማቆም አለብን።

ነገሩን ያልሰማችሁ ካላችሁ ባጭሩ ይኸው። ከሦስት ሳምንት በፊት እሑድ ጠዋት ልጆቹ ሞተሩን ከሕንፃው ጀርባ፣ ከመኪና ማቆሚያው ዳር አውጥተው አስነሱት። የተነሳው አራት ደቂቃ ያህል ነው። በመጀመሪያው ፎቅ የምትኖር አንዲት እኅታችን ከአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ሥራ ገብታ ገና ዓይኗን መክደኗ ነበር። ልጆቹ «አራት ደቂቃ ብቻ እኮ ነው» ይላሉ። አራት ደቂቃ ነቅቶ ቡና ለሚጠጣ ሰው አራት ደቂቃ ነው፤ ከሌሊት ሥራ ለገባ ሰው ግን ቀኑ ሁሉ ተበላሸ ማለት ነው። አቤቱታዋ ትክክል ነው፤ ሊሰማም ይገባል። ከዚያ በኋላ ግን ወሬው እየሰፋ ሄዶ «ልጆቹ ቦምብ ይሠራሉ» እስከ መባል ደረሰ። ኧረ እንዲያው እግዚአብሔርን!

የሚሠሩትን ለማየት ወርዳችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ወርጄ አይቻለሁ። የሚሠሩት «ፀሐይ»ን ነው። ፀሐይ በ1935 ዓ.ም. (እዚህ የምጽፋቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር መሪነት አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራችውና በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችው አይሮፕላን ናት። ጣሊያን ማርኮ ወሰዳት፤ በጣሊያን አየር ኃይል ሙዚየም ለብዙ አሥርተ ዓመታት ቆይታ በጥር 2024 ለአገሯ ተመለሰች። ይህን ዜና ልጆቹ በስልካቸው አይተው ነው «እኛስ ለምን አንሠራትም?» ብለው የተነሱት። እዚህ አገር ተወልደው አማርኛቸው እየተሰባበረ የሚያስቸግረን ልጆች፣ የ1935ቱን ፎቶግራፍ አጉልተው የክንፉን ማጠፊያ ሲለኩ ማየት ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤት እየጎተትን የወሰድናቸው እኮ እነዚሁ ናቸው።

የሞዴሏ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ስታልቅ ከነሞተሯ ዘጠኝ ኪሎ አካባቢ ትመዝናለች ብለው አስልተዋል። ለዚህ መጠን የመረጡት 50 ሲሲ ባለ ሁለት ምት የቤንዚን ሞተር ነው። አንድ ጎረቤታችን «ለምን በባትሪ የሚሠራውን አይገዙም? ድምፅ የለው፣ ሽታ የለው» ሲሉ ሰምቻለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለትንሽ ሞዴል ባትሪ ይበልጣል፤ ለጀማሪ ልጅም ሌላ አልመክርም። ሞዴሉ እየገዘፈ ሲሄድ ግን ባትሪው ይከብዳል፣ ዋጋውም ኪስ ይጎዳል፤ አንዴ በርሮ ሲያልቅ ደግሞ ወይ ሁለተኛ ባትሪ መግዛት ነው ወይ እስኪሞላ ቁጭ ብሎ መጠበቅ። የቤንዚኑ ሞተር ግን ግማሽ ሊትር ገደማ ይዞ ሩብ ሰዓት ያህል ይበርራል፤ ሰርባቶዮውን መሙላት ነው፣ እንደገና መነሳት ነው። ደግሞም ትልቅ የሊቲየም ባትሪ በምድር ቤት ሲሞላ ማደሩ ከእሳት ነፃ ነው ያላችሁ ማን ነው? እሱም የራሱ ጣጣ አለው።

የቤንዚን ሞተር በሞዴል አይሮፕላን ላይ አዲስ ነገር አይደለም። በ1930ዎቹ የነበሩት የሞዴል ሞተሮች በብዛት ካንዴላ ያላቸው የቤንዚን ሞተሮች ነበሩ። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሜታኖልና በዘይት ድብልቅ የሚሠሩት ትንንሾቹ ሞተሮች ገበያውን ያዙት። በኋላ፣ በ1970ዎቹ፣ ትልልቅ ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች የዛፍ መቁረጫ መጋዝ ሞተር እየፈቱ አይሮፕላን ላይ መግጠም ጀመሩና ቤንዚን ተመለሰ። ዛሬ ለዚሁ ሥራ ተብለው የሚመረቱ ከ20 ሲሲ እስከ 100 ሲሲና ከዚያም በላይ የሆኑ ሞተሮች አሉ። ካርቡራተራቸው ግን አሁንም የመጋዙ ዓይነት ነው፤ የራሱ ትንሽ ፓምፕ ስላለው አይሮፕላኑ ቢገለበጥም ነዳጅ አይቋረጥበትም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። እኔ በሞተር ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ቤንዚን ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ብዙ ሰው የሚመስለው ቤንዚን አደገኛ የሚሆነው ሲፈስስ ወይም ክብሪት ሲቀርበው ነው። የሚነድደው ፈሳሹ ሳይሆን ተኑ ነው። ቤንዚን በክረምት ብርድም ቢሆን ይተንናል፤ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንኳ እሳት የሚይዝ ተን ይወጣዋል። ይህ ተን ከአየር ሦስት አራት እጥፍ ስለሚከብድ ወደ ላይ አይሄድም፤ እንደ ውሃ ወለሉን ይዞ ይሳባል፣ በደረጃ ይወርዳል፣ በበር ሥር ያልፋል፣ ዝቅ ያለ ቦታ ሲያገኝ ይተኛል። አየሩ ውስጥ ከመቶ 1.4 እጅ ያህል ከሆነ ለመቀጣጠል ይበቃዋል። እንግዲህ የሕንፃችንን ምድር ቤት አስቡት። የሥራው ክፍል፣ ቀጥሎ የልብስ ማጠቢያው፣ ከዚያ ማዶ የውሃ ማሞቂያዎቹ። በማሞቂያዎቹ ሥር፣ ከወለል አንድ ስንዝር ከፍ ብላ፣ ቀንም ሌሊትም የምትነድድ ትንሽ የጋዝ ነበልባል አለች። የልጆቹ አምስት ሊትር ጄሪካን ደግሞ ክዳኑ በደንብ ሳይጠብቅ በሥራው ክፍል ጥግ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ከጄሪካኑ እስከ ነበልባሏ ያለውን ርቀት በርምጃ ለካሁት፤ አሥራ አራት ርምጃ ነው። ከላያቸው አምስት ፎቅ ሰው ይተኛል።

ድሮ በሠራሁበት አንድ ጋራዥ፣ አንድ የሥራ ጓደኛችን ከመኪና ሥር ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ ዕቃ በቤንዚን ያጥብ ነበር። እሳቱ የነበረው ከሱ ዘንድ አይደለም፤ በሩ አጠገብ ሻይ የሚፈላበት ምድጃ ላይ ነው። ነበልባሉ ወለሉን ይዞ ወደ እሱ ሲሮጥ ያየነው ሁላችንም ነን። ሰውየው ተርፏል፤ እግሮቹ ግን እስከ ጉልበት ተቃጥለው ወራት ሆስፒታል ተኝቷል። ስለዚህ «ክዳኑን አጥብቀን እንከድናለን» የሚል መልስ አልቀበልም። ቤንዚን በመኖሪያ ቤት ውስጥ፣ በምድር ቤትም ሆነ በበረንዳ ቁም ሣጥን፣ ቦታ የለውም።

ይህ ደግሞ ለልጆቹ ብቻ የሚነገር አይደለም፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልናፍር ይገባል። በምድር ቤቱ የዕቃ ማስቀመጫዎች ውስጥ የሣር ማጨጃ ከነነዳጁ ያስቀመጡ ሁለት ትልልቅ ሰዎች አሉን። መብራት በጠፋ ጊዜ ብሎ ጄኔሬተር ገዝቶ ከነቤንዚኑ ያኖረም አለ። ጄኔሬተሩ ቤት ውስጥ ቢነሳማ ከእሳቱም የባሰ ነው፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ ተኝቶ የሚያስቀር መርዝ ነው። ልጆቹን ከከለከልን ጋሼዎቹንም እንከልክል። ሕግ ከወጣ ለሁሉም ነው የሚወጣው።

ወደ አይሮፕላኗ ልመለስ። ከልጆቹ ጋር ተቀምጬ የሞተሩን አገጣጠም ሳይ አብዛኛውን ነገር በደንብ እንዳጠኑት ተረድቻለሁ፤ ሆኖም ወላጆች ምን እየተሠራ እንደሆነ ቢያውቁ ይጠቅማል። ሞተሩ ብቻውን ከነማርሚታው ወደ አንድ ኪሎ ተኩል ይጠጋል፤ ሲሽከረከርም ይንዘፈዘፋል። ስለዚህ የሚታሰርበት የፊት ግድግዳ ቢያንስ ስድስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ከጠንካራ እንጨት የተደራረበ ጣውላ መሆን አለበት። በኢፖክሲ ሙጫ ከተጣበቀ በኋላም ከጎን በእንጨት ችካል እየተበሳ መጠናከር ይገባዋል። ሙጫ ብቻውን ለዚህ ንዝረት አይታመንም። ብሎኖቹ በሰፊ ሮንዴላ ከጀርባ ይታሰራሉ፤ ዳዶዎቹም ንዝረት እንዳይፈታቸው ብሎን የሚይዘው ሙጫ ይደረግባቸዋል። ጣውላው ነዳጅ እንዳይጠጣ በስስ ኢፖክሲ ይቀባል፤ ነዳጅና ዘይት የጠጣ እንጨት ይልማልና።

ቱቦው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ለሜታኖል ሞተር የሚሸጠው ለስላሳ የሲሊኮን ቱቦ ለቤንዚን አይሆንም፤ ቤንዚን ያሳብጠዋል፣ ያላሽቀዋል። የሰርባቶዮው ክዳን ጎማም እንዲሁ ቤንዚን የሚችለው ዓይነት መሆን አለበት። ልጆቹ ቱቦውን በትክክል ገዝተዋል፤ ክዳኑ ግን የድሮው ነበር፣ ነግሬያቸው ቀይረዋል። እዚህ አገር ከማደያ የሚቀዳው ቤንዚን አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ እስከ 10 እጅ ኤታኖል ስላለበት ደግሞ ሞተሩ ውስጥ ወራት ተኝቶ ከከረመ የካርቡራተሩን ስስ ላስቲክ ያደርቀዋል። በረራው ሲያልቅ ሰርባቶዮውን መቅዳት፣ ቀጥሎም ሞተሩን እስኪጠፋ ድረስ በቀረችው ነዳጅ ማሠራት ነው። ይህ ለሞተሩም ለእኛም ይበጃል፤ ባዶ አይሮፕላን ምድር ቤት ብትገባ የሚያሰጋ ተን አይኖራትም።

ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይደባለቃል፤ ባለ ሁለት ምት ሞተር የዘይት ጋን የለውምና ሌላ የሚያለሰልሰው ነገር የለም። ለአዲስ ሞተር ብዙ ጊዜ 32 ለ1 ይታዘዛል፤ ይኸውም ለአንድ ጋሎን ቤንዚን 4 አውንስ የሁለት ምት ዘይት፣ ወይም ለአንድ ሊትር 31 ሚሊ ሊትር ገደማ ማለት ነው። የሞተሩ ፋብሪካ ሌላ ቁጥር ካለ የፋብሪካው ይበልጣል። በዓይን ግምት ማፍሰስ፣ «ትንሽ ቢበዛ አይጎዳም» እያሉ መጨመር፣ የኛ ሰው የሚወደው ነገር ነው፤ ለወጥ ይሆናል፣ ለሞተር አይሆንም።

ከሁሉ የበለጠ ልጆቹን ያስጨነቃቸው ማቀዝቀዣው ነው። ሞተሩ በኮፈን ሲሸፈን ውበት ያገኛል፤ አየር ግን ያጣል። ብዙ ሰው ከፊት ትልቅ ቀዳዳ ከከፈተ የሚበቃ ይመስለዋል። የገባው አየር መውጫ ካላገኘ ኮፈኑ ውስጥ ተጨናንቆ ይቆማል እንጂ አያቀዘቅዝም። መውጫው ከመግቢያው ሁለት ሦስት እጥፍ ቢሰፋ ይመረጣል፤ ከውስጥም አየሩ የግድ በሲሊንደሩ ክንፎች መካከል እንዲያልፍ ስስ መከለያ ይደረጋል። በዚህ ላይ ነዳጁ ከቀጠነ፣ ማለትም የካርቡራተሩ መርፌ ከመጠን በላይ ከተዘጋ፣ ሞተሩ ለጊዜው ሲዘፍን ደስ ይላል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ይግልና ፒስተኑ ይነክሳል። ትንሽ ወፈር ብሎ ቢጨስ ይሻላል።

የኤሌክትሪኩ ነገር ደግሞ ከሰው ደኅንነት ጋር ይያያዛል። ካንዴላው ብልጭታ የሚያገኘው ከትንሽ የኤሌክትሮኒክ ሳጥን ነው፤ ይህ ሳጥንና ሽቦው አይሮፕላኗን የሚመራትን ተቀባይ ሬዲዮ ሊረብሹ ይችላሉ። ስለዚህ የብልጭታው ሳጥንና ባትሪው ለብቻ፣ ተቀባዩና ባትሪው ለብቻ፣ በመካከላቸውም ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ይደረጋል። የነዳጅ መስጫውን የሚስበው ዘንግም ብረት ሳይሆን ፕላስቲክ ይሁን፤ ብረት ከሆነ ረብሻውን እየሳበ ያመጣልና። አብራሪው ከመሬት ሆኖ ብልጭታውን የሚቆርጥበት ማጥፊያ ይኑር፤ ሬዲዮው ቢቋረጥ ሞተሩ በራሱ ወደ ሚኒሞ እንዲወርድ ወይም እንዲጠፋ ይስተካከል። ዘጠኝ ኪሎ ነገር መሪ አጥቶ በሙሉ ጉልበት ሲመጣ ማንም አይችለውም።

አሁን ፕሮፔለሩ። ወላጆች ይህን አንቀጽ ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው። ለእንዲህ ያለ ሞተር የሚገጠመው ፕሮፔለር ርዝመቱ 22 ኢንች አካባቢ ነው። በደቂቃ 7,000 ዙር ሲሽከረከር ጫፉ በሰዓት ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። በዚያ ፍጥነት ለዓይን ይጠፋል፤ ልጅ እጁን የሚሰድደው የማይታየው ነገር የሌለ ስለሚመስለው ነው። ሞተሩ የሚነሳው በእጅ እየተመታ ነው። መጀመሪያ ቾኩ ተዘግቶ እስኪያስነጥስ ድረስ፣ ከዚያ ቾኩ ተከፍቶ እስኪነሳ። በዚህ ጊዜ አንድ ሰው ጅራቷን ይይዛል ወይም በገመድ ከችካል ትታሰራለች፤ የሚመታው ሰው ወፍራም የቆዳ ጓንት ያደርጋል፤ ሌላው ሁሉ ከፕሮፔለሩ ኋላ ይቆማል እንጂ ከፊትም ከጎኑም አይቆምም። የተነሳ ሞተር የሚስተካከለውም ከኋላ ነው፤ በላዩ ላይ አንገት አስግጎ መርፌ ማዞር ክልክል ነው። የእንጨት ፕሮፔለር በአየሩ ድርቀት ስለሚጨማተር ብሎኖቹ በየበረራው ዕለት ይፈተሹ። የተሰነጠቀ፣ ጫፉ የተነካካ ፕሮፔለር አይጠገንም፤ ይሰበርና ይጣላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሞተሩን በመኪና ማቆሚያችን ማስነሳት ለምን እንዳስፈለገ ልጆቹን ጠይቄያቸው ነበር። «ለመሞከር» አሉኝ። ሞክሮ ወዴት? ሲልቨር ስፕሪንግ ከሬገን አይሮፕላን ማረፊያ 15 ማይል ክልል ውስጥ ናት። በዚህ ክልል ከፌዴራሉ የአቪዬሽን አስተዳደር ልዩ ፈቃድ ሳይኖር ሞዴልም ሆነ ድሮን ማብረር ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ከዋሽንግተን የተነሳ የአገሪቱ ጥብቅ ሰማይ ይህ ነው። ከ15 እስከ 30 ማይል ባለው ቀለበት ውስጥ ግን ከ2016 ወዲህ ተፈቅዷል፤ ክብደቱ ከ55 ፓውንድ በታች ከሆነ፣ ከተመዘገበና ቁጥሩ ከተጻፈበት፣ ከ400 ጫማ በታች ከበረረ፣ አብራሪው በዓይኑ እያየው ሰማዩም ጠርቶ ከሆነ። ከ250 ግራም በላይ የሆነ ሁሉ ይመዘገባል፤ ነፃውን የደኅንነት ፈተናም ማለፍ ያስፈልጋል። ከመጋቢት 2024 ጀምሮ ደግሞ አይሮፕላኑ ማንነቱን በሬዲዮ የሚናገር መሣሪያ እንዲይዝ፣ ካልያዘም ለዚህ በታወቀ ሜዳ ብቻ እንዲበርር ደንቡ ይጠይቃል። ስለዚህ ፀሐይ የምትበርረው ከዚህ ርቆ በሚገኝ የክበብ ሜዳ ላይ ብቻ ነው። ሞተሯም የሚሞከረው እዚያው ይሁን። ሜዳው ላይ ጆሮ የሚያውቁ፣ ካርቡራተር የሚያስተካክሉ ሽማግሌዎች አሉ፤ በ1936 የተቋቋመው የሞዴል አቪዬሽን አካዳሚ አባል የሆነ ሰውም በሰው ላይ ጉዳት ቢያደርስ የኃላፊነት መድን ይኖረዋል። የኛ መኪና ማቆሚያ ይህ ሁሉ የለውም።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ጣጣ ካለበት ለምን አይተዉትም?» የሚል ይኖራል፤ ባለፈው ደረጃው ላይ ቆመው እንዲህ ያሉኝ እናትም አሉ። መልሴን እዚሁ ሰፈር አገኘዋለሁ። ሜናርድ ሂል የሚባሉ መሐንዲስ ኑሯቸው ሲልቨር ስፕሪንግ ነበር። እኚህ ሰው በስተርጅና ዓይናቸው ደክሞ ሳለ፣ ከነጓደኞቻቸው የሠሩት ሞዴል አይሮፕላን በነሐሴ 2003 ከካናዳው ኒውፋውንድላንድ ተነስቶ አትላንቲክን አቋርጦ አየርላንድ አረፈ። ከ38 ሰዓት በላይ በርሮ 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዟል። ክብደቱ አምስት ኪሎ ገደማ ነበር፤ የጨረሰውም ከአንድ ጋሎን ያነሰ ለካምፕ ፋኖስ የሚሸጥ ነዳጅ ነው። ሂል በ2011 አርፈዋል። ይህ የተደረገው በቤተ ሙከራና በመንግሥት ገንዘብ አይደለም፤ ጓደኛሞች ተሰብስበው የካርቡራተር ቀዳዳ እየለኩ ነው። በዚህ ሰፈር ለሚያድግ ልጅ ይህ ምሳሌ ሩቅ አይደለም። ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ልጄ የት እንዳለ ሳውቅ፣ ያለውም ከላዬ ሳይሆን ከበታቼ ምድር ቤት ጣውላ እየላገ ከሆነ፣ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

በስብሰባው ላይ የማቀርበው ሐሳብ እንግዲህ ይህ ነው። የሥራው ክፍል ለልጆቹ እንደተከፈተ ይቆይ፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ግን መጋዝና መላጊያ አይነሳ። ኢፖክሲና ቀለም ሲቀባ መስኮቱ ይከፈት። ቤንዚን፣ የተደባለቀም ያልተደባለቀም፣ የማንም ይሁን የማን፣ ከሕንፃው ይውጣ። ከመኪና ማቆሚያው ማዶ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ የአትክልት መሣሪያ የሚቀመጥበት የብረት ቁም ሣጥን አለ፤ ከሕንፃው ርቋል፣ አየርም ያገኛል። በሕጉ መሠረት በተሠራ ቀይ ጄሪካን ከአንድ ጋሎን ያልበለጠ እዚያ ይቀመጥ፤ የቆየውም ወደ ካውንቲው አደገኛ ቆሻሻ መቀበያ ይወሰድ እንጂ ወደ ቱቦ አይደፋ። የሕንፃው ባለቤት ለዚህ በጽሑፍ እንዲስማማ ማኅበሩ ይጠይቅ፤ ካልተስማማ ልጆቹ በበረራው ቀን ብቻ በመንገዳቸው ይግዙ። ሞተሩ በግቢያችን ውስጥ ለአንድ ደቂቃም አይነሳ። ወደ ሜዳው ሲሄዱም ዕድሜው ለአቅመ አዳም የደረሰ ሰው አብሯቸው ይሂድ። እኔ ቫኔን ይዤ ለመሄድ ፈቃደኛ ነኝ፤ ከወላጆች ግን ተራ የሚገባ ሁለት ሰው እፈልጋለሁ።

በሌሊት ሥራ የደከመችውን እኅታችንን ልጆቹ ራሳቸው ሄደው ይቅርታ እንዲጠይቋት ነግሬያቸዋለሁ፤ ባለፈው ሐሙስ ድፎ ዳቦ ይዘው ሄደዋል። እሷም ፎቶግራፉን አይታ «እቺ ፀሐይ የምትሏት መቼ ነው የምትበርረው?» ብላ ጠይቃቸዋለች አሉ። የብረት ቁም ሣጥኑ ቁልፍ አሁን በእኔ ዘንድ ነው። ሣር ማጨጃና ጄኔሬተር ያላችሁም እስከ ስብሰባው ቀን ድረስ ጄሪካናችሁን አምጡና እዚያ ላኑርላችሁ፤ ማታ ማታ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቤት እገኛለሁ።